ስደት ሳይሆን ጎጆ መውጣት፦ የጥንቱ ሰው ዓለምን ያዳረሰበት መንገድ

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ጥንቱ ሰው ጉዞ ሲወራ አማርኛችን ቶሎ የሚያቀብለን ሁለት ቃላት አሉ፤ ስደትና ፍልሰት። ሁለቱም ለዛሬው ጉዳያችን ልክ አይመጡም። ስደተኛ የሚሸሸው ነገር አለው። ፍልሰትም ቢሆን ጓዝ ጠቅልሎ ከአንድ አገር ወደ ሌላ መሄድን ያሳስባል። ከ60 ሺህ ዓመት በፊት የኖረ አዳኝ ግን አንድ ጠዋት ተነስቶ «ወደ እስያ ልሂድ» አላለም። እስያ የሚባል ምድር መኖሩንም አያውቅም። ያደረገው ነገር በገጠራችን ዛሬም ያለ ነው፦ ልጁ አደገ፣ ጎጆ ወጣ፣ ከአባቱ ሰፈር ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃና አደን ያለበት ቦታ ሰፈረ። የልጅ ልጁም እንዲሁ አደረገ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በግብፅ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በህንድና በደቡብ ምሥራቅ እስያ በኩል አውስትራሊያ የሚያደርሰውን መንገድ በድፍኑ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር እንበለው። ይህን ለመጨረስ 10 ሺህ ዓመት ፈጀ ብንል በዓመት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ነው ካልን ደግሞ በትውልድ 37 ኪሎ ሜትር ተኩል። ከአዲስ አበባ ዱከም ማለት ነው። አባት አዲስ አበባ፣ ልጅ ዱከም፤ እንዲህ እያለ በ400ኛው ትውልድ አውስትራሊያ። እርግጥ እውነተኛው ጉዞ እንዲህ በእኩል እርምጃ አልሄደም። አንዱ ትውልድ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ሌላው 200 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ብዙው ደግሞ ዘር ሳይተርፈው ያልቃል። ይህ የመጨረሻው ነገር በትምህርት ቤት ካርታዎች ላይ አይታይም። ካርታው የሚያሳየን ከአፍሪካ ቀንድ ተነስቶ ዓለምን የሚያዳርስ አንድ ወፍራም ቀስት ነው። ዛሬ ያን ቀስት ልንበታትነው ነው የተሰበሰብነው።

አንድ ማስታወሻ፦ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመንገዱ በፊት ስለ ሰዓቱ እናውራ፤ ምክንያቱም በዚህ ሙያ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዕድሜ ነው። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ፣ ዛሬ ኦሞ 1 እና ኦሞ 2 የምንላቸውን ቅሪተ አካላት አገኘ። በመጀመሪያ የተሰጣቸው ዕድሜ 130 ሺህ ዓመት ነበር። በ2005 ወደ 195 ሺህ ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ኦሞ 1 ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ሆነው፤ ስህተቱ በ22 ሺህ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሆን ይችላል ተብሎ። አጥንቱ ያው አጥንት ነው። የተለወጠው በዙሪያው ያለው አመድ ንባብ ነው።

ይህን ልብ በሉልኝ፦ እንዲህ ያረጀ አጥንት ራሱ አይለካም። የሚለካው ከበላዩና ከበታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀለጠ ዐለት ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየም በጣም ትንሹ ክፍል ጨረር አመንጪ ነው፤ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ከሚለወጠውም ከፊሉ አርጎን ጋዝ ይሆናል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት እንፋሎት ይወጣል። እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ቅንጣቶቹ ሲቀዘቅዙ ክዳኑ ይገጠማል። ከዚያ ወዲያ የተፈጠረው አርጎን ቅንጣቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ላቦራቶሪው ቅንጣቱን በሌዘር አቅልጦ የታሰረውን ጋዝ ይለካል፤ ከፖታሲየሙ መጠን ጋር አነጻጽሮ ክዳኑ የተገጠመበትን ጊዜ ያወጣል።

የኦሞው ችግር ምን ነበር? ኦሞ 1 ከተገኘበት በላይ ያለው የአመድ ንብርብር ውፍረቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። ለአርጎን ልኬት የሚበቃ ቅንጣት አይገኝበትም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ፣ ከእነሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት፣ ሌላ መንገድ ያዙ። የእያንዳንዱ ፍንዳታ አመድ ውስጥ ያለው መስታወት፣ ማለትም ቀልጦ ሳለ በድንገት የቀዘቀዘው ዐለት፣ የራሱ ቅመም አለው። የበርበሬን ነገር አስቡት፤ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ በሁሉም ቤት ያው ነው፤ መጠኑ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፣ ቀማሹም የማን ቤት እንደሆነ ይለያል። በመስታወቱም ውስጥ የብረቱ፣ የካልሲየሙ፣ የቲታኒየሙና የሌሎቹ መጠን እንዲሁ ነው። ቡድኑ በስምጥ ሸለቆ ካሉት እሳተ ገሞራዎች ናሙና ለቅሞ ሲያነጻጽር የኦሞው አመድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከሻላ ፍንዳታ ጋር ገጠመ። ከምንጩ አጠገብ ደግሞ ቅንጣቱ ትልልቅ ነው፤ ይለካል። ተለካ፤ 233 ሺህ ወጣ። አጥንቱ ከአመዱ በታች ስለሆነ ከዚያ ያንሳል ማለት አይቻልም፤ «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል የመጣችው ከዚህ ነው። ጋዜጣ ላይ ይህች ቃል ስትወድቅ ዜናው ይበላሻል።

ሰዓቱ የሚሳሳትበትን ቦታም ማወቅ ያስፈልጋል። እሳተ ገሞራው ሲወጣ የጉሮሮውን አሮጌ ግድግዳ እየቦረሸ ይወጣል፤ አሮጌ ቅንጣት ከአዲሱ ጋር ከተደባለቀ ዕድሜው ያለ አግባብ ይረዝማል። ለዚህ ነው ቅንጣቶቹ በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ የሚለኩት። ሌላው ስህተት ከአጥንቱ አቀማመጥ ይመጣል። ኦሞ 2 የተገኘው በመሬቱ ገጽ ላይ ነው፤ ከየትኛው ንብርብር ታጥቦ እንደወረደ ስለሚያከራክር የኦሞ 1ን ዕድሜ እንዳለ ልንሰጠው አንችልም።

ካርቦን 14 የሚባለውን ሰዓት ሁላችሁም ሰምታችኋል። እሱ ለቅርቡ ዘመን ነው። በ5,730 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ50 ሺህ ዓመት ከመጀመሪያው ከ1,000 እጅ ሁለት ተኩል እንኳ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው አደጋው። እውነተኛ ዕድሜው 50 ሺህ ዓመት በሆነ አጥንት ውስጥ ከ100 እጅ አንድ ብቻ ዘመናዊ ካርቦን ቢገባበት፣ ከሙጫ፣ ከሥር፣ ከእጅ ቅባት ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱ 36 ሺህ ገደማ ያነባል። 14 ሺህ ዓመት በአንዲት ጠብታ ቆሻሻ ጠፋ ማለት ነው። በአውሮፓ ዋሻዎች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተለኩ ብዙ ዕድሜዎች በተሻለ የማጽዳት ዘዴ ሲደገሙ ወደ ኋላ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መነሻው። «ምድረ ቀደምት» ብለን አገራችንን እንጠራለን። ስሙ የሚያኮራ ነው፤ ማስረጃም አለው። ከኦሞ ሌላ በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ በተባለው ቦታ በ1997 የተገኙት የራስ ቅሎች ከ160 እስከ 154 ሺህ ዓመት ዕድሜ አላቸው፤ ጥናቱን ከመሩት አንዱ ዶክተር ብርሃነ አስፋው ናቸው። ከራስ ቅሎቹ አንዱ የልጅ ነው፤ ሥጋው በስለት ተነስቶለታል፣ ጠርዙም በእጅ ብዛት ለስልሷል። ከሞተ በኋላ ለረጅም ጊዜ እየተያዘ፣ እየተነካካ ቆይቷል ማለት ነው። ለሟች ልጅ የተደረገ ክብካቤ ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ ነው የማነበው።

ይሁን እንጂ «የሰው ልጅ እዚህች ቦታ ላይ ተፈጠረ» ብሎ በጣት መጠቆም ዛሬ አይቻልም። በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ቅሪቶች በ2017 በታተመው ልኬት 315 ሺህ ዓመት ገደማ ናቸው፤ ፊታቸው የእኛ፣ የራስ ቅላቸው ጀርባ ግን የጥንቱን ቅርጽ የያዘ ነው። ደቡብ አፍሪካ ፍሎሪስባድ ላይ ወደ 260 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ሌላ አለ። በእነዚህ መካከል በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለ። ብዙ ተመራማሪዎች አሁን የሚያዩት አንድ ምንጭ ሳይሆን በአፍሪካ ተበታትነው የኖሩ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚገናኙና የሚጋቡ፣ በረሃ ሲሰፋ የሚለያዩ ሕዝቦችን ነው። ኢትዮጵያ ከእነዚህ ማኅበሮች የአንዱ ጥንታዊና በደንብ የተለካ ቤት ናት። ለኩራትም ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ከአፍሪካ መውጣት የተጀመረውም ካርታው ከሚያሳየው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። እስራኤል ውስጥ ሚስሊያ ዋሻ የተገኘው የላይ መንጋጋ ከ177 እስከ 194 ሺህ ዓመት ይገመታል። እዚያው እስራኤል በስኹልና በቃፍዜህ ዋሻዎች ከ120 እስከ 90 ሺህ ዓመት ባለው ጊዜ ሰዎች ሙታናቸውን ቀብረዋል። በሳዑዲ አረቢያ ነፉድ በረሃ፣ አል ዉስጣ በሚባል የደረቀ ሐይቅ ዳር፣ በ2018 ይፋ የሆነች አንዲት የጣት አጥንት ቢያንስ 85 ሺህ ዓመት አላት። ዛሬ አሸዋ ብቻ በሆነበት ምድር ያኔ ጉማሬ ነበረ።

እንዴት? የመሬት ዛቢያ እንደ እንዝርት ይዋልላል፤ በየ20 ሺህ ዓመቱ ገደማ የሰኔና የሐምሌው ፀሐይ በሰሜኑ ክፍል ላይ ይጠነክራል፣ የዝናቡ መስመር ወደ ሰሜን ይገፋል፣ ሰሃራና አረቢያ ሣር ያበቅላሉ፣ ሐይቆች ይሞላሉ። በሩ ይከፈታል። ከዚያ ይዘጋል። ከነቃፍዜህ በኋላ በዚያው አገር የምናገኘው ከእኛ የተለየ ሌላ የጥንት ሰው ወገን የሆኑትን የኒያንደርታል ሰዎችን ነው፤ የእኛ ዘር አሻራ በሚገባ ተመልሶ የሚታየው 55 ሺህ ዓመት ገደማ ባለው በማኖት ዋሻ የራስ ቅል ነው። የመጀመሪያዎቹ ወጪዎች በዛሬው ሕዝብ ደም ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተዉም። ጎጆ ወጥተው ጎጆው ፈረሰ።

ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ የተወለደው በዋናነት ከመጨረሻው፣ ከ60 እስከ 50 ሺህ ዓመት በፊት ከተደረገው አንድ መውጣት ነው። በእናት በኩል የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ይህን በግልጽ ያሳያል። አፍሪካ ውስጥ ብዙ ጥንታውያን ቅርንጫፎች አሉ፤ ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ኤል 3 ከሚባለው ከአንዱ ቅርንጫፍ ይመዘዛል። ይኸው ኤል 3 በኢትዮጵያ በስፋት ይገኛል።

በየት በኩል ወጡ? ሁለት መንገድ አለ፤ ሲና እና ባብ ኤል መንደብ። ባብ ኤል መንደብ ዛሬ በጠባቡ ላይ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በበረዶው ዘመን ውሃው በሰሜን ምድር በበረዶ ክምር ስለታሰረ የባሕሩ ወለል እስከ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። «እንግዲያውስ ቀይ ባሕር ደርቆ በእግር ተሻገሩ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ትክክል አይደለም። ከባብ ኤል መንደብ ትንሽ ሰሜን፣ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነው የባሕር ደፍ 137 ሜትር ነው። ስለዚህ ሁልጊዜም ውሃ ነበረ፤ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። በታንኳ ወይም በእንጨት ርብራብ መሻገር ይቻላል፤ ግን ባሕሩ ዝቅ በሚልበት ዘመን አረቢያ ደረቅ ትሆናለች፤ አረቢያ ስትለመልም ደግሞ ባሕሩ ይሰፋል። ሁለቱ የሚስማሙበት ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ምክንያት የሲናው መንገድ ሚዛን ይደፋል ብዬ አምናለሁ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ወደ ሲና ለመድረስ ደግሞ የሱዳንንና የግብፅን በረሃ ማለፍ አለ። እዚህ ላይ ከራሳችን ቆላ የወጣ እጅግ የሚያስደንቅ ማስረጃ አለን። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ወደ ዓባይ ገባር በሆነው በሺንፋ ወንዝ ዳር፣ ሺንፋ መተማ 1 የተባለ የሰፈራ ቦታ ተቆፍሮ ውጤቱ በ2024 ታተመ። ቆፋሪዎቹ አፈሩን አጥበው ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ስባሪዎች አገኙበት፤ ቅመማቸው ሲመረመር የኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ቶባ ሆነ። ቶባ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት የፈነዳ፣ በሁለት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ ትልቁ እሳተ ገሞራ ነው። አመዱ ህንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ መተማ ቆላ ላይ አርፏል፤ ሰዎቹም እዚያው ነበሩ።

ቀድሞ የነበረው ግምት ቶባ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ምንም አልቀረውም የሚል ነበር። የሺንፋ ሰዎች ግን ከአመዱ በፊትም በኋላም እዚያው እሳት አንድደዋል። ምን በሉ? የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የእንስሳት ጥርስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲለካ ከፍንዳታው በኋላ ድርቁ መበርታቱ ታየ፤ በዚያው ንብርብር የዓሣ አጥንት በጣም ይበዛል። መተማን የምታውቁ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። የቆላ ወንዝ በበጋ አይፈስም፤ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ኩሬው እያነሰ ሲሄድ ዓሣው ይታጎራል፣ በእጅ እንኳ ይያዛል። ሊጠጣ የመጣውንም እንስሳ ለማደን ይመቻል። ተቆርጠው ከተገኙት የድንጋይ ጫፎች ትንንሾቹ ሦስት ማዕዘኖች በመጠናቸውም በአሰባበራቸውም የቀስት ጫፍ ይመስላሉ።

የጉዞው ሞተር ይህ ሊሆን ይችላል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ፤ ቀጣዩ ብዙውን ጊዜ ከወንዙ ወደ ታች ነው። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይሞላል፣ ኩሬዎቹ እንደገና ዓሣ ይይዛሉ። በየዓመቱ ትንሽ ወደ ታች። የሺንፋ ውሃ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ፤ ሱዳን፣ ከዚያ ዓባይ፣ ከዚያ ግብፅ። ለምለም ዘመን መጠበቅ ላያስፈልግ ይችላል፤ ድርቅ ራሱ እየገፋ በወንዞቹ መስመር ይመራል። የሺንፋ ሰዎች ራሳቸው የዓለም ሕዝብ ቅድመ አያቶች ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ ቀኑም ከመጨረሻው መውጣት ይቀድማል። ያሳዩን እንዴት እንደሚቻል ነው።

ጎጆ መውጣት በደም ላይ የሚተወው ምልክት አለ። በጎተራ የተደባለቀ እህል አለ እንበል፤ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ጓያ፤ ከመቶ ፍሬ አንዷ ደግሞ አብሽ። ልጁ ጎጆ ሲወጣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 50 ፍሬ ለዘር ስጡት። አብሽ ጨርሶ ያለመድረሱ ዕድል ስንት ነው? 0.99ን በራሱ 50 ጊዜ ስታባዙት 0.605 ይመጣል። ከአሥር ልጆች ስድስቱ አብሽ የማያውቅ ማሳ ይዘራሉ ማለት ነው። የልጅ ልጁ ከዚያ ማሳ እፍኝ ሲወስድ አባቱ ያላመጣውን ሊያመጣ አይችልም፤ ጭራሽ ሌላም ይጠፋበታል። እፍኝ በእፍኝ ብዝኃነቱ ይቀንሳል።

በ2005 ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ከ50 በላይ የሆኑ ሕዝቦችን ዲኤንኤ ወስደው በትክክል ይህን አገኙ። መነሻ አድርገው ካርታቸው ላይ የተከሏት ነጥብ አዲስ አበባ ናት። ከአዲስ አበባ እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የአንድ ሕዝብ የዘረመል ብዝኃነት ይቀንሳል፤ በሕዝቦቹ መካከል ካለው ልዩነት ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ርቀት ብቻውን ይገልጸዋል። ርቀቱ የተለካው በአውሮፕላን መስመር አይደለም፤ የጥንት ሰው ውቅያኖስ ስለማያቋርጥ በካይሮ፣ በኢስታንቡል፣ በፕኖም ፔን፣ በሩሲያዋ አናዲርና በካናዳዋ ፕሪንስ ሩፐርት በኩል እየተዞረ ነው። የመጨረሻው ጫፍ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ብዝኃነቱ ከሁሉ ያነሰውም እዚያ ነው። አዲስ አበባ የተመረጠችው ለሒሳቡ እንድትመች እንጂ የሰው ልጅ መነሻ መሆኗ ተረጋግጦ አይደለም፤ ከሌላ የአፍሪካ ነጥብ ቢነሱም ውጤቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሙሉው ጎተራ ያለው አፍሪካ ሆኖ ሳለ በዓለም የሕክምና የዘረመል መዛግብት ውስጥ ያለው መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው።

ከወጡት ጋር የተደባለቀም አለ። ከ50 እስከ 43 ሺህ ዓመት ባለው ጊዜ ወጪዎቹ ከኒያንደርታል ሰዎች ጋር ተዋልደዋል፤ ከአፍሪካ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ይህን ይይዛል። የፓፑዋ ሕዝቦች በዚያ ላይ ዴኒሶቫ ከተባለ ሌላ ወገን ከመቶ ሦስትና ከዚያ በላይ እጅ ጨምረዋል። የኒያንደርታልን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤውን፣ ያነበበው ስቫንቴ ፔቦ በ2022 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህ ድብልቅ ለሰዓትም ይጠቅማል። አውስትራሊያ ውስጥ ማጀድቤቤ የተባለ የዐለት ጥግ በ2017 የ65 ሺህ ዓመት ዕድሜ ተሰጠው። የዛሬዎቹ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ግን የኒያንደርታል ደም አላቸው፤ ድብልቁ የተፈጸመው ከዚያ ቢያንስ 15 ሺህ ዓመት ዘግይቶ ነው። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ወይ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙ ዘር አልተዉም፣ ወይ ዕድሜው ተጋንኗል። ተቺዎች የሚከሱት ምስጥን ነው። ምስጥ አሸዋውን ከታች ወደ ላይ ሲያወጣ ከላይ ያለው የድንጋይ መሣሪያ ቀስ እያለ ወደ አሮጌው አሸዋ ይሰምጣል። የሚለካው ደግሞ አሸዋው እንጂ መሣሪያው አይደለም። የኩይሳን ሥራ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት ማስረጃ አይፈልግም። ቀኑ የትኛውም ቢሆን ወደዚያ የደረሱት በባሕር ነው፤ ከደሴት ደሴት እየተሻገሩ፣ ረጅሙ መሻገሪያ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይገመታል።

በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ኋይት ሳንድስ፣ በሐይቅ ጭቃ ላይ የቀሩ የእግር ዱካዎች በ2021 ከ23 እስከ 21 ሺህ ዓመት ተባሉ። የተለካው በጭቃው ውስጥ ያለ የውሃ ተክል ዘር ነበር። የውሃ ተክል ከአየር ሳይሆን ከዐለት ከሟሟ አሮጌ ካርቦን ስለሚመገብ ዕድሜው ሊረዝም ይችላል የሚል ተቃውሞ ተነሳ፤ ተገቢ ተቃውሞ ነበር። በ2023 ቡድኑ ካርቦኑን ከአየር የሚወስድ የየብስ ዛፍ ብናኝ በአሥር ሺዎች እየለቀመ ለካ፤ የአሸዋውንም ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበትን ጊዜ ለካ። ሦስቱም ተስማሙ።

የሄዱትን ይህን ያህል ከተከተልን ይበቃል። የቀሩትስ? ካርታው እነሱን አያነሳም፤ ቆመው የጠበቁ ያስመስላቸዋል። ባሌ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የዐለት ጥግ አለ። ከ47 እስከ 31 ሺህ ዓመት ባለው ጊዜ፣ የባሌ ጫፍ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ሳለ፣ ሰዎች በተደጋጋሚ ኖረውበታል። ወደዚያ ብርድ ምን ወሰዳቸው? ምድጃቸው መልሱን ይዞ ቆይቷል፦ ብዙ ብዙ የተጠበሰ የፍልፈል አጥንት። የባሌ ትልቁ ፍልፈል አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ዛሬ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ እሱ ነው። ከግግሩ ሥር የቀለጠ ውሃ አለ። ከዚያም ከፍ ብሎ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ ለስለት የሚሆን ባልጩት አለ። ምግብ፣ ውሃ፣ መሣሪያ። ዘመዶቻቸው ወደ አውሮፓና እስያ በሚዘልቁበት ዘመን እነዚህ ጎጆ የወጡት ወደ ላይ ነው።

ሌላው ምስክር የሞታ ዋሻው ሰው ነው፤ ከጎጃሙ ሞጣ ጋር አይምታታባችሁ፣ ይህ ጋሞ ደጋ ውስጥ ነው። በ2012 ከተቆፈረው አጽም ከውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ያለው ጠንካራ አጥንት ተወሰደ፤ ከሰውነት ሁሉ ጥቅጥቅ ያለው አጥንት እሱ ስለሆነ ዲኤንኤ በደንብ ይጠብቃል። የደጋው ቅዝቃዜም ረድቷል። ሰውየው የኖረው ከ4,500 ዓመት በፊት ነው፤ በ2015 ከአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም የተነበበው ከእሱ ነው። ቡድኑ «ባይራ» ብሎታል፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው።

የሞታ ሰው በጣም የጠቀመው ከመመለስ በፊት በመኖሩ ነው። ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ አፍሪካ ቀንድ የተመለሰ ሕዝብ ነበረ፤ ዛሬ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ውስጥ የዚህ ድርሻ ከመቶ 40 ይደርሳል፣ ያልፋልም። እኛ የቀሩት ልጆች ነን ወይስ የሄዱት ለሚል ሰው መልሱ ሁለቱንም ነን ነው። በ2015ቱ የሞታ ጥናት ላይ ግን ይህ ተመላሽ ደም መላውን አፍሪካ እስከ ኮንጎ ደን አዳርሷል ተብሎ ነበር። ስህተት ነበር። የሁለት ኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ፋይል የሚያስማማ አንድ ደረጃ በመዘለሉ ብዙ የዲኤንኤ ነጥቦች ከንጽጽሩ ወድቀው ሌሎቹ አፍሪካውያን ሁሉ ተመላሽ ደም ያላቸው መሰሉ። አዘጋጆቹ ስህተቱን ራሳቸው በ2016 አረሙ። የምሥራቅ አፍሪካው ውጤት ጸና፣ የመላው አፍሪካው ተሰረዘ። በኢንተርኔት ግን የተሰረዘው አሁንም እየተጠቀሰ ነው።

ከዛሬ ሕዝቦች ለሞታው ሰው በጣም የሚቀርቡት በጂንካ ዙሪያ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው። በአሪ አራሾችና ቀጥቃጮች አሉ፤ አይጋቡም። የዲኤንኤ ልዩነታቸውም ጉልህ ስለሆነ ቀጥቃጮቹ አራሾቹ ሳይመጡ የነበረ የሌላ ጥንታዊ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚል ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በ2015 የታተመ ጥናት ይህን ፈተሸው። ሁለቱ አንድ ሕዝብ ሆነው ተገኙ፤ የተለያዩት ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ቀጥቃጮቹ ልዩ የመሰሉት ቁጥራቸው አንሶ እርስ በርስ ብቻ ስለተጋቡ ነው፤ ያው ከጎተራው ተለይቶ የቀረው እፍኝ። አውስትራሊያ ለመድረስ 400 ትውልድ የፈጀው የእፍኝ ነገር እዚህ ማንም ሳይንቀሳቀስ፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ «ልጄን ለቀጥቃጭ አልድርም» በሚል ቃል ብቻ ተፈጸመ።